እናቴ ቀጥ ብላ የሄደችበት ጠዋት

እናቴ ያን ጠዋት ቀጥ ብላ ሄደች። ከዓመት ተኩል በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ግድግዳ ሳትይዝ፣ ትከሻዬን ሳትደገፍ፣ በራሷ እግር ከቤት ወጥታ ባጃጅ ላይ ተሳፈረች። ያያት የሰፈር ሰው ሁሉ ደስ ብሎት «እሰይ» አላት። ጎንበስ ብላ ብትሄድ ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጅግጅጋ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። አባቴ ወታደር ነበር፤ ወደዚህ ተመድቦ ሲመጣ እናቴን ከሰላሌ ይዟት መጣ። እሱ ሲሞት እሷ አልተመለሰችም። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ አቋረጥኩ፤ ያስቆመኝ ድህነት ብቻ አልነበረም። አስተማሪ ስሜን ጠርቶ ካስነሣኝ ላብ ያጠምቀኛል፤ የማውቀው ይጠፋብኛል። ሱቅ ሄጄ ባለሱቁ ከሌላ ሰው ጋር የሚያወራ ከሆነ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ሳያየኝ ከቀረ ሳልገዛ እመለሳለሁ። እናቴ ትስቅብኝ ነበር። «ይቺ ልጅ ከቤት ስትወጣ አፏን ለማን አደራ ሰጥታ ነው?» ትላለች።

እናቴ አስካለ ትባላለች። ከከተማው ዳር ባለ አንድ የመንግሥት ማሠልጠኛ ውስጥ ልብስ አጣቢ ነበረች። የሠልጣኞቹን አንሶላና ብርድ ልብስ ታጥባለች። ማሽኑ ከተበላሸ ቆይቷል፤ የሚታጠበው በእጅ ነው። አንሶላ መጭመቅ ደግሞ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዷ አንዱን ጫፍ፣ ሌላዋ ሌላውን ጫፍ ይዘው፣ አንዷ ወደ ቀኝ አንዷ ወደ ግራ ይጠመዝዛሉ። አንዷ ከለቀቀች አንሶላው ጭቃ ላይ ይወድቃል፤ ሁለቱም እንደገና ያጥባሉ። ስለዚህ እጇ የደከመን ሴት ማንም አብሯት መቆም አይፈልግም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው። እናቴ ስትቀጠር ዕድሜዋን ሰባት ዓመት ቀንሳ አስመዝግባለች። «አሮጊት ማን ይቀጥራል?» ብላ ነው። በምነግራችሁ ጊዜ ስድሳ ሁለት ዓመቷ ነበር። ፋይሏ ግን ሃምሳ አምስት ይላል።

ትኩሳቱ የያዛት ድሬዳዋ ነው። ሐምሌ ገብርኤልን ቁልቢ አንግሣ፣ ስትመለስ ድሬዳዋ እህቷ ቤት ጥቂት ቀን ሰነበተች። ያ ቺኩንጉንያ የሚሉት የትንኝ በሽታ ድሬዳዋን ቤት ለቤት የዞረበት ክረምት ነበር። እናቴ ጅግጅጋ ስትደርስ ከመኪና የወረደችው ተጎትታ ነው። ገላዋ እሳት፣ ቆዳዋ ሽፍታ፣ ዓይኗ ደም። በሳምንቱ ትኩሳቱ ለቀቃት። ሽፍታውም ጠፋ። «ተገላገልኩ» አለች።

የመገጣጠሚያው ሕመም ግን ቤት ሠርቶ ቀረ።

ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አብጠው አይታጠፉም። የጋብቻ ቀለበቷ ሥጋዋ ውስጥ ሰምጦ ስለነበር በሳሙና አሙለጭልጬ አወጣሁላት። ከአልጋ የምትነሣው በጎኗ ተንከባላ ነው። ተረከዟ መሬት ሲነካ ዓይኗን ትጨፍናለች። ቁልፍ ማዞር አትችልም፣ የቀሚሷን ቁልፍ መቆለፍ አትችልም፣ ብርጭቆ የምትይዘው በሁለት መዳፏ መሃል አጣብቃ ነው። የጅግጅጋን ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ያ ነፋስ ሲነፍስ ደግሞ ይብስባታል። ከዚያ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ሲጠነክር፣ ቀስ በቀስ ትፈታለች። ከሰዓት በኋላ ያያት ሰው ጤነኛ ናት ብሎ ይምላል።

ያም ነው ለሐሜት የዳረጋት። አብረዋት የሚያጥቡት ሴቶች «የጠዋት በሽተኛ» የሚል ስም አወጡላት። «አስካለ ሕመሟ ሰዓት ያውቃል፤ ከምሳ በኋላ ይፈርማል፣ ይወጣል» ይሏታል። ሐኪም ቤት ሄደን ደሟ ተመረመረ፣ እጇ ራጅ ተነሣ። ሁለቱም «ምንም የለም» አሉ። ደሟ ንጹሕ፣ አጥንቷ ደህና። ሕመሙ ያለው እሷ ላይ ብቻ ነው፤ ወረቀት ላይ የለም።

ለአንድ ዓመት ያህል ያለፍነው በዘዴ ነው። ጠዋት አብሬያት እሄዳለሁ፤ እሷ ተቀምጣ ሳሙና ትፈቀፍቃለች፣ እኔ በእሷ ቦታ ቆሜ አንሶላ እጨምቃለሁ። የድሮው ኃላፊ አይቶ እንዳላየ ያልፍ ነበር። እሱ ሲቀየር አቶ ተሾመ የሚባል መጣ። በመጣ በሁለተኛው ሳምንት እናቴን ቢሮ አስጠራት። እኔም ደግፌያት ስለገባሁ ቃል በቃል አስታውሳለሁ።

«ወይዘሮ አስካለ፣ ይቺ ልጅ ተቀጥራለች?»

«ልጄ ናት፤ ታግዘኛለች።»

«ያልተቀጠረ ሰው ግቢ ውስጥ አይሠራም። ምን ሆነው ነው?»

ነገረችው። ሰምቶ ሲጨርስ እጁን ዘርግቶ ጣቶቹን አንቀሳቀሰ። «እኔንም ይዞኝ ነበር እኮ። ዐሥር ቀን አንፈራገጠኝና ለቀቀኝ። እርስዎ ጋ ምን አግኝቶ ነው ዓመት የሚከርመው?»

በሽታው ወጣቱን ቶሎ እንደሚለቅ፣ በዕድሜ የገፋውን ግን ወራት አንዳንዴም ዓመታት መገጣጠሚያው ላይ እንደሚቀመጥበት ያወቅሁት ቆይቼ ነው። አቶ ተሾመ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው።

ክፉ ሰው ነበር ማለት አልችልም። ትንሽ አሰበና እንዲህ አለ፦ «በሩ ላይ ሴቶችን የምትፈትሸው ባሏን ተከትላ ደገሀቡር ሄዳለች። ቦታው ክፍት ነው። ወንበር አለ፤ ቦርሳ ከፍቶ ማየት ነው ሥራው። የሐኪሞች ቦርድ ቀርበው ‹ከባድ ሥራ አትችልም› የሚል ወረቀት ካመጡ እዚያ አስቀምጥዎታለሁ። ካላመጡ እንደ ማንም ያጥባሉ። ቀሩ ማለት ለቀቁ ማለት ነው።»

እናቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለዚያ ወንበር ስታወራ ነው የከረመችው። ከግንቡ ጋር ተጠግቶ የቆመ፣ የብረት እግር ያለው ተራ ወንበር ነው። «ነፋሱን ግንቡ ይከልለዋል» ትላለች። «ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ ፀሐይ ቶሎ ይደርሰዋል» ትላለች።

ቦርዱ የቀጠረን ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር። ረቡዕ ከሰዓት ጎረቤታችን ኢዶ ሆዳን ለቡና ቤት የምታቀርበውን ወተት አድርሳ ስትመለስ በራችን ላይ አገኘችኝ። ኢዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የምጠራት እንዲያ ነው። አሮጊት አማቷም በዚያው በሽታ ተይዘው እጃቸው እንደታሰረ ቀርቷል።

«በስንት ሰዓት ነው ቀጠሮው?» አለችኝ።

«በሦስት።»

«ጠዋት? አልሐምዱሊላህ። ይኼ ዕድል ነው፣ አባዮ እህቴ። እንዳለች ውሰጃት። እጇን በዘይት አታሺ፣ ውኃ አታሙቂ። ጎንበስ ብላ፣ እያቃሰተች ትግባ። ይዩዋት። የእኔን አማት ከሰዓት ወሰድናቸው፤ ሐኪሙ ‹ደህና ናቸው› ብሎ መለሰን። ወላሂ ስልሽ፣ ሐኪም ያላየውን አያምንም።»

እሺ አልኳት። እሺ ማለት አይከብደኝም።

ግን ማታውን ሙሉ የማስበው ስለ ሌላ ነገር ነበር። ከቤታችን እስከ ዋናው መንገድ ድረስ የጫት ሻጮቹን ሰልፍ አልፈን ነው የምንሄደው። ከዚያ ባጃጅ ተራ አለ። እናቴን ጠዋት ይዤ ስሄድ አንድ እርምጃ፣ ቆም፣ አንድ እርምጃ፣ ቆም ነው። ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። ሾፌሮቹ «ሙሽሮቹ መጡ፣ መንገድ ልቀቁ» ብለው ይስቃሉ። ከዚያ ሆስፒታል፣ ወረፋው፣ ኮሪደሩ፣ ሐኪሞቹ። ሁሉም ያዩናል። ሁሉም ይጠይቁኛል። «ምን ሆና ነው?» ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ መናገር አለብኝ።

እናቴም በበኩሏ ሌላ ትካዜ ይዟታል። ነጭ ቀሚሷን አሳጥባኝ፣ ነጠላዋን አስተኩሳኝ ነበር። «ትልልቅ ሰዎች ፊት እንደ ለማኝ ተጎትቼ ልግባ?» አለች። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው። ለሹም፣ ለሐኪም፣ ለዳኛ ሲቀረብ ታጥቦና ተስተካክሎ ነው። በሽተኛ እንኳ ቢሆን ሐኪም ፊት ሲቀርብ አምሮበት ይቀርባል። ይህ ልማድ ምን ያህል እንደሚጎዳ ያኔ አላሰብኩም።

አንድ ነገር ግን አሰብኩ፤ ያሰብኩትንም አደረግሁ። ገበያ ውስጥ ከጠረፏ ከተማ ከውጫሌ በኩል በኮንትሮባንድ የሚገባ መድኃኒት የሚሸጥባት ሱቅ አለች። ሴቶች ስለ አንዲት ትንሽ ነጭ እንክብል ሲያወሩ ሰምቼ ነበር። ለእናቴ ከዚያ በፊት ሳነሣባት «ሞቼ ነው የውጫሌ መድኃኒት የምውጠው» ብላኝ ነበር። የፓናዶል ብዛት ጨጓራዋን ካሳመማት ወዲህ ጠበል እንጂ እንክብል አትነካም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሄድኩ። የሚገርመው እዚያ ሱቅ መናገር አላስፈለገኝም። ጣቴን ልጨብጥ ሞክሬ፣ አልታጠፍ እንዳለኝ አድርጌ፣ እንደ አሮጊት ጎንበስ ብዬ አሳየሁት። ሰውየው ሳቀና በላስቲክ የተጠቀለሉ አራት ፍሬ ሰጠኝ።

«ሁለት አሁን፣ ሁለት ሲነጋ» አለኝ። «ለሁለት ቀን ኮረዳ ትሆናለች።»

ለእናቴ አልነገርኳትም። ፈጭቼ ወተት በገባበት ሻሂ ውስጥ ጨመርኩት።

«ሻሂው ዛሬ መረረ» አለች።

«ቅርንፉዱ በዝቶ ነው» አልኳትና ስኳር ጨመርኩላት። ሲነጋም ከመነሣቷ በፊት አልጋዋ ድረስ ሻሂ ወሰድኩላት። ጠጣች።

ይህን ያደረግሁት ለእሷ ብዬ ነው እያልኩ ብዙ ጊዜ ለራሴ ነግሬአለሁ። ሰው ፊት እንዳታፍር ብዬ። እውነቱ ግን እኔ እንዳላፍር ብዬ ነው።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጓዳ ሆኜ እናቴ ስሜን እየጠራች ስታመሰግን ሰማሁ። ስገባ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ቀኝ እጇን ጨብጣዋለች። ትጨብጣለች፣ ትከፍታለች። ትጨብጣለች፣ ትከፍታለች። እንባዋ እየወረደ ነው።

«ፍሬ፣ እዪኝ» አለች። «ገብርኤል።»

የዚያን ዓመት ታኅሣሥ ቁልቢ መሄድ አቅቷት ቤት ሆና ነበር ያከበረችው። «እጄን ከመለስክልኝ ጃንጥላ አገባለሁ» ብላ ተስላ ነበር። አሁን ደረሰልኝ አለች። ምን ልበላት? ዝም አልኩ። ይህ የመጀመሪያው ዝምታዬ ነው።

ተነሣች። ቀሚሷን ራሷ ቆለፈች። ከዚያ «ነይ፣ ተቀመጪ» ብላ ጉልበቷ መሃል አስቀመጠችኝና ፀጉሬን ትሠራኝ ጀመር። ከታመመች ወዲህ ፀጉሬን ነክታው አታውቅም ነበር። ሹሩባውን እንደ ድሮው ቀጭን አድርጋ፣ ሥሩን ጠበቅ አድርጋ ጎነጎነችው። ጣቶቿ ሲመላለሱ ይሰማኛል። አንዲቱም አልተሰናከለች። «ጭንቅላትሽ እንዴት ከፍቷል፤ ማን ነው ሲቦጭቅሽ የከረመው?» እያለች ትስቃለች። እኔም ሳቅሁ። ከእሷ ጋር በሕይወቴ ያሳለፍኩት ደስ የሚል ሰዓት ያ ነው፤ ሌላ እንዲያ ያለ አልመጣም።

በጫት ሻጮቹ በኩል ስናልፍ ማንም አልሳቀም። ባጃጅ ውስጥ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

«እማ» አልኳት ቀስ ብዬ፣ «ቦርዱ ጋ ግን... ትንሽ እንደታመምሽ...»

ዞር ብላ አየችኝ። «ገብርኤል አድኖኝ ሽባ ነኝ ብዬ ልዋሽ? ዛሬውኑ?»

«ወንበሩስ?»

«እጅ ካለኝ ወንበር ምን ያደርግልኛል? አጥባለሁ።»

አሁን ንገሪያት፣ አልኩ ለራሴ። ሾፌሩ በመስታወት ያየናል። አልነገርኳትም።

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሐኪሞች ነበሩ። የኮሮና ጊዜ ስለነበር ሁላችንም አፋችንን ሸፍነናል። መሃል የተቀመጡት ሸበቶ ናቸው። በስተግራ አንድ ወጣት ሶማሌ ሐኪም አለ። ሦስተኛዋ ሴት ናት፤ አንገቷን ሳታነሣ ትጽፋለች።

«ዕድሜ?» አሉ ሸበቶው።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «ሃምሳ አምስት» አለች።

«ይጨብጡ። ይክፈቱ። ይኼን ጠርሙስ ይክፈቱልኝ።»

የታሸገ ውኃ ሰጧት። ክዳኑን ጠምዝዛ ከፈተችው። እናቴ ጥያቄ የመለሰች ተማሪ መስላ ፈገግ ስትል ዓይኗ ላይ አየሁት።

«ቁጢጥ ይበሉ። ይነሡ።»

ተቀመጠች። ተነሣች።

«ታዲያ ምኑ ላይ ነው ሕመሙ?»

«ዶክተር፣ ዛሬ ገብርኤል ረድቶኝ ነው እንጂ ትናንት ብቻ ቢያዩኝ...»

«ይርዳዎት። እኛ የምንጽፈው ያየነውን ነው። የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«ምንም አልወስድም፣ ዶክተር። ጠበል ብቻ።» እውነቷን ነበር። እሷ የምታውቀውን እውነት ተናገረች።

ከዚያ ሸበቶው እኔን አዩኝ። «አንቺ ልጃቸው ነሽ? የምትጨምሪው አለ?»

ሦስቱም አዩኝ። የምትጽፈዋም አንገቷን ቀና አደረገች። የሹሩባው ሥር ራሴን ሲስበኝ ይሰማኛል።

«የለም» አልኩ።

ወጥተን ኮሪደር ላይ ወረቀቱ በፖስታ ታሽጎ እስኪሰጠን ጠበቅን። እናቴ ለጽዳት ሠራተኛዋ ስለ ገብርኤል ትነግራታለች። ወጣቱ ሐኪም ወጣና ወደ እኔ መጣ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እህቴ፣ የእናትሽ የጣት አንጓዎች አብጠዋል። ያበጠ እጅ እንዲህ አይጨብጥም። የሰጣችኋት ነገር አለ? አልቆጣሽም።»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ጠዋት ስትነሣስ እንዴት ናት?»

ደህና ናት አልኩ። ሰው ምንም ቢጠይቀኝ የምመልሰው እሱን ነው፤ ቶሎ እንዲተወኝ። ደህና ናት። ሐኪሙ ትንሽ ጠበቀኝ። ዛሬም ሲጠብቀኝ አየዋለሁ። የምናገረው ነገር እንዳለ አውቆ ነበር። ቀና ብዬ ስላላየሁት ተመልሶ ገባ።

ዓርብን እንደ ኮረዳ ዋለች። ቤቱን አጠበች፤ ብርድ ልብሱን አውጥታ ብቻዋን ጨመቀች። ቅዳሜ ጠዋት ስሜን ጠራች። ስገባ እንደ ድሮው በጎኗ ተኝታ ጣቶቿን ታያለች።

«ተመለሰብኝ» አለች።

ሰኞ ፖስታውን ለአቶ ተሾመ ሰጠነው። ለማንበብ ወደ ቢሮው አልገባም፤ ማጠቢያው ጋ ሴቶቹ በተሰበሰቡበት ከፈተው። «ለተመደበችበት ሥራ ብቁ ናት» ይላል። አጥፎ ኪሱ አገባው። «እንግዲህ ወይዘሮ አስካለ» አለ፣ ሌላ አልጨመረም። አንዷ አጣቢ ግን ጨመረች። «የጠዋት በሽተኛ፣ ሐኪሙም ነቃብሽ?»

ሦስት ሳምንት አጠበች። እኔን በር ላይ ስለመለሱኝ አላየሁም፤ የማየው ስትመለስ ነው። የምታመጣው እጅ የሰው እጅ አይመስልም። አንሶላ ሲወድቅ «ሆን ብለሽ ነው» ይሏት ነበር። በአራተኛው ሳምንት ጠዋት ከአልጋ መነሣት አቃታት፤ በሚቀጥለው ቀንም፣ በሚቀጥለውም። ጡረታ የሚያስከብራት ዘመን ሳይሞላ የሥራ መልቀቂያዋን ልትፈርም አብረን ሄድን። እስክሪብቶ መያዝ ስላልቻለች አሻራ ተባለች። አውራ ጣቷ ግን ቀጥ ብሎ ወረቀቱ ላይ አያርፍም። አቶ ተሾመ ጣቷን ያዘና ቀለሙ ላይ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ተጫነው። ግንባሯ ላይ ላቧ ችፍ ሲል አየሁ። እሱም አየ መሰለኝ፤ ቶሎ ለቀቃት።

ልንወጣ ስንል ነው የጠራን። «ያ የበሩ ቦታ እስካሁን ክፍት ነው» አለ፣ እኔን እያየ። «ልጅቷ ስታጥብ አይቻታለሁ፤ ጎበዝ ናት። ዝምተኛም ናት። በር ላይ ዝምተኛ ሰው ነው የሚያስፈልገኝ።»

ወለሉን አየሁ።

«ትቀበላለች» አለች እናቴ በእኔ ቦታ።

ሥራው ሊሰጠኝ የቻለው በዝምታዬ ነው። ቦታውን ያሳጣት ያው ዝምታ ነው።

በእነዚያ ሳምንታት እናቴ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትታ ነበር። አልቻልኩም ትላለች እንጂ ሌላ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንድ ከሰዓት፣ ጣቶቿ በተፈቱላት ሰዓት፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ስንዴ ስትለቅም ራሷ ተናገረች።

«የእጄ ነው፣ ፍሬ። ገብርኤል ያዳነኝ ቀን ዋሸሁ።»

«ምን ዋሸሽ?»

«ዕድሜዬን። ሃምሳ አምስት አልኩ። ከምሕረቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ። ወሰደብኝ። ቢወስድብኝ ይገባኛል።»

ያን ጊዜ ነው የነገርኳት። ሱቁን፣ እንክብሉን፣ ሻሂውን፣ ሐኪሙ ኮሪደር ላይ የጠየቀኝን። በሕይወቴ ያን ያህል ረጅም ንግግር ተናግሬ አላውቅም። እሷ ስንዴውን መልቀም አላቆመችም። ስጨርስ አንድ ጠጠር አውጥታ ወረወረች።

«እንግዲያው ገብርኤል አልነበረም» አለች።

«አይደለም፣ እማ።»

ልትመታኝ ወይም ልታለቅስ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ሁለቱንም አላደረገችም።

«ለምን ነገርሽኝ?» አለች በመጨረሻ። «ቅጣት ነው ብዬ ነበር። ቅጣት ይቅርታ አለው። ይኼ ግን ምን አለው?»

በሳምንቱ ያን እንክብል አምጪልኝ ብላ ለመነችኝ፤ አንዴ ብቻ፣ ለቁልቢ። እንቢ አልኳት። አንድ ነርስ ጠይቄ፣ እንክብሉ ሲደጋገም ስኳርና ደም ግፊት እንደሚያስነሣ፣ አጥንት እንደሚያሳሳ ነግራኝ ነበር። «ያኔ ስትሰጪኝ አልጠየቅሽም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ያን ጠዋት የሠራችኝን ሹሩባ አንድ ወር አልፈታሁትም፤ ተበላሽቶ ኢዶ ሆዳን በግድ እስክትፈታው ድረስ።

ይህን የምታነቡ፣ እናት ወይ አባት በዚህ በሽታ ታስሮ ቤት ያለባችሁ፣ የምላችሁ አጭር ነው። ሐኪም ጋ ስትወስዷቸው እንዳሉ ውሰዷቸው። አታሳምሯቸው። ፀሐይ ሳያገኛቸው፣ እጃቸው ሳይፈታ ይታዩ። የወሰዱትን ሁሉ ተናገሩ፤ የማይነገር የሚመስለውን በተለይ። ያልተናገራችሁት ነገር ሌላ ሰው ላይ ይፈርዳል። ወጣቶች ደግሞ፣ «እኔን በዐሥር ቀን ለቀቀኝ» አትበሏቸው።

እኔ አሁን በሩ ላይ ነኝ። ቦርሳ ስፈትሽ የአሮጊቶቹን ጣት አያለሁ። ያበጠ ካየሁ እጠይቃለሁ፤ ሰልፉ ቢረዝምም እጠይቃለሁ። «እናቴ፣ ጠዋት ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚፈታሽ?» አንዳንዶቹ ደንግጠው ያዩኛል። ማንም እንዲያ ብሎ ጠይቋቸው አያውቅም። አቶ ተሾመ «ወሬኛ ሆንሽ» ይለኛል። ወሬዬ ዘግይቷል፤ ለእናቴ አልደረሰላትም።

ጠዋት ስወጣ እናቴ አልተነሣችም፤ ሻሂዋን ራስጌዋ አስቀምጥላታለሁ። መጀመሪያ ታሸተዋለች፤ ከዚያ ነው በሁለት መዳፏ ይዛ የምትጠጣው። ተቆጥታኝ አታውቅም። አንዳንድ ጊዜ ብቻ፣ በሩን ልዘጋ ስል፣ ከአልጋዋ ትጠይቀኛለች።

«ወንበሩ ጋ ፀሐይ ስንት ሰዓት ላይ ይደርሳል?»

«አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ እማ።»

«ጥሩ ነው» ትላለች። «ለእጅ ጥሩ ነው።»